ዝናቡ ወደ ኮተቤ ነው

ይህን ነገር ሙሉውን የሚያውቁት የንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው። ባሌ እንኳ ሳልነግረው ሞተ። ዛሬ ለእናንተ የማወራው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ክፉ ሴት ናት ብትሉም አልቀየማችሁም፤ እኔም ብያለሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት እሠራ ነበር። ድሮ የአንድ ጣሊያን ነበር፤ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። እኔ የእንጦጦ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን ከስምንተኛ አቋርጬ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ገባሁ። ቀለም አፍልቼ፣ ጨርቅ ነክሬ፣ አስጥቼ፣ እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኖ አሥር ዓመት ሠራሁ። ቀለም አልይዝ ሲል የቤቱ ኃላፊ አቶ ታደሰ «እልፌን ጥሯት» ይሉ ነበር። እልፍነሽ ነው ስሜ። እኔ መጥቼ የጨርቁን ጫፍ በምላሴ ነካ አድርጌ «አሲዱ በዝቷል» ወይም «ጨው ይቀረዋል» እላለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ሰዎቹ ይስቁብኛል፤ ግን ያለ እኔ ምላስ ሥራ አይወጣም። በዚያች ምላሴ እኮራ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ምሥራቅ ጀርመን ለሁለት ዓመት የሚማር ሰው ይፈለጋል ተባለ። እኔ ነኝ ብዬ ሻንጣ እስከ መዋስ ደርሼ ነበር። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ነው የሚፈለገው አሉና ከድሬዳዋ በዝውውር ከመጣች አንድ ዓመት ያልሞላትን ሰብለን ላኳት። ስትመለስ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ደረት ኪሷ ላይ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ቴርሞሜትር ሰክታ የክፍላችን ኃላፊ ሆነች። አቶ ታደሰም «ሰብለን ጥሯት» ማለት ጀመሩ። አንጀቴ አረረ። ጋዋኑ በህልሜ ይመጣብኝ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ለብሼው፣ ቁልፉን ስቆልፍ እነቃለሁ።

ክፉ ብትሆን እንኳ በተሻለኝ። ደግ ነበረች። ከጀርመን ስትመጣ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ ያለው የራስ ሻርፕ ይዛልኝ መጣች። ለሌላው ሰው ከረሜላ፣ ለኔ ሻርፕ። አንድም ቀን ሳላስረው መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኩት። በዚያ ላይ በመጣች ሳምንቷ ሰው ሁሉ እያየ አጠገቤ ቆማ «እልፌ፣ እስቲ ይቺን የመቅመስ ነገር አስተምሪኝ። ጀርመኖቹ እንኳ አያውቋትም» አለችኝ። አስተማርኳት፤ እምቢ እንዴት ይባላል? የማትስቅብኝ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ግን የቀረችኝን አንዲት ነገር ወሰደችብኝ ብዬ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እንዲህ ሆነን ሳለ የመርከቡ ሥራ መጣ። የመርከብ መኝታ ክፍሎች መጋረጃና የአልጋ ልብስ፣ አሥራ ሁለት ጣቃ ጨርቅ። ግን ተራ ጨርቅ አይደለም፤ እሳት ቢነካው የማይነድ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት አንድ መርከብ ላይ በሲጋራ መጋረጃ ተያይዞ አንድ መርከበኛ ከነአልጋው ተቃጥሏል ተብለናል። ባሕር ላይ ደግሞ ወዴት ይሮጣል? ሰብለ የጀርመን ደብተሯን አውጥታ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጠበጠች። ጨርቁ እዚያ ውስጥ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ ሳይታጠብ ይደርቃል። እኛ «ጨው» አልነው። ቁራጯን በሻማ ስንሞክራት ጠቆረች እንጂ ነበልባል አልያዘችም፤ ሻማው ሲነሳ ጠፋች። በምላስ ሲነካ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ አፍ ያኮማትራል። አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው፤ ውሃ ከነካው ጨዉ ታጥቦ ይሄዳል፤ ተመልሶ ተራ ጨርቅ ይሆናል። ሲያዩት ግን ለውጡ አይታወቅም።

ዱቄቱ በብዙ ደጅ ጥናት የተገኘ ስለሆነ ሁሉንም በአንዴ ነክረን ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣነው። በነጋታው ታዲያ ሰልፍ ሆነ። ሠራተኛው በሙሉ አብዮት አደባባይ ይውጣ ተባለ፤ ዘበኛው ሳይቀር። እኔ ባለፈው ሳምንት እግሬን ወለም ብሎኝ ስለነበር ግቢ ጠብቂ ተባልኩ። እግሬ ድኖ ነበር፤ ሰልፉን ጠልቼ ነው ያነከስኩት።

ሠራተኛው በር ላይ ሲሰለፍ ሰብለ ወደ እኔ ተመለሰች። ጨርቁን ዳበስ ዳበስ አደረገችና ሰማዩን አየች።

«እልፌ፣ ገና እርጥብ ነው። አጥፈን ብናስገባው ይበላሻል። ይዘንባል እንዴ?»

እሷ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ የካ ላይ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። እኔ ግን ከአባቴ የተማርኩት ነው። ደመናው እንጦጦ ተራራ ላይ ያለውን የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ሸፍኖ የባሕር ዛፉን ጫካ ይዞ ከወረደ የኛ ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ወደ ምሥራቅ ካዘነበለ ኮተቤ ላይ ይጥልና እኛን ያልፈናል። ቀና ብዬ አየሁ። ራጉኤል አይታይም። ደመናው ጫካውን ይዞ እየወረደ ነው።

«አይዘንብም። ዝናቡ ወደ ኮተቤ ነው» አልኳት።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አውቃለሁ። ነጩ ጋዋን ፊቴ ነበር፤ እስክሪብቶዎቹ ነበሩ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እሷም ትሳሳት አልኩ።

«አቦ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለችና ትከሻዬን መታ አድርጋ ሄደች። ትንሽ ራቅ ካለች በኋላም ዞር ብላ «ድንገት ከመጣ ግን ታስገቢልኛለሽ አይደል?» አለችኝ። «ሂጂ ባክሽ፣ ታስገባለች» አልኩ፣ ራሴን እንደ ሌላ ሰው ቆጥሬ።

የመጋዘኑ በር ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ ጨርቆቹ ገመዱ ላይ ተርገበገቡ። አሁን ብነሳ እደርሳለሁ አልኩ። አልተነሳሁም። ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ግማሹን እንኳ አድናለሁ አልኩ። እግሬ ደህና ነው፣ እጄ ደህና ነው፣ መጋዘኑ ከኋላዬ ክፍት ነው። ብድግ አልኩና ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወረደ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ከየጨርቁ ጫፍ ነጣ ያለ ውሃ ሲንጠባጠብ እያየሁ «እሰይ» ያልኩት ጮክ ብዬ ነው።

ለሩብ ሰዓት ያህል ጥሎ አባራ። ወዲያው ፀሐይ ወጣች፤ የዚያ ሰሞን ፀሐይ ደግሞ ትፋጃለች። የግቢው ሲሚንቶ ጭስ ጭስ እያለ ደረቀ፤ ስምንት ሰዓት ሠራተኛው ሲመለስ ጨርቁም ደርቆ ነበር። አብዮት አደባባይ ጠብ አላለም፤ አዲስ አበባ እንዲህ ናት፣ አንዱ ሰፈር ሲርስ ሌላው ፀሐይ ይሞቃል።

«አልዘነበም አይደል?» አለችኝ ሰብለ።

«ጠብ አላለም።»

ጫፍና ጫፍ ይዘን አሥራ ሁለቱን ጣቃ አብረን አጠፍን። ስለ ሰልፉ እያወራች ታስቀኛለች፤ እኔም እስቃለሁ። ከሥራ ልንወጣ ስንል አቶ ታደሰ መጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይመጣል» አሉ። «ከአሰብ ወደብ አንድ መርማሪ፣ ከፓርቲው ደግሞ አንድ ጓድ። ሰብለ፣ እርግጠኛ ነሽ አይደል? ባለፈው የተቃጠለው መርከብ ጉዳይ አሻጥር ነው ተብሎ ሰዎች ታስረዋል። ይሄ ጨርቅ ፊታቸው ከነደደ እኔንም አንቺንም የሚያስጥለን የለም።»

«አይነድም፣ አቶ ታደሰ» አለች።

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። በዚህ ቃል ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። እኔ የፈለግኩት አንድ ቀን እንድታፍር ነው፤ ጨርቁ ሲነድ አቶ ታደሰ «እልፌን ጥሯት» እንዲሉ ነው። የፓርቲ ሰው እንደሚመጣ ማን ነገረኝ? ያን ሌሊት አልጋው ላይ ስገላበጥ «መጀመሪያም እኮ ራሷ ሰማዩን ማየት ነበረባት» እያልኩ ጥፋቱን ወደ እሷ እገፋ ነበር። ይህንንም ከነኀፍረቴ እናገራለሁ።

ሲነጋጋ ወጣሁ። የካ ሚካኤልን በሩን ተሳልሜ ወደ ሥራ ወረድኩ። ሰው ሳይመጣ ጨርቁን ልቅመስ፣ ምናልባት ጥቂት ጨው ቀርቶለት ይሆናል ብዬ ነው። የመጋዘኑ በር ክፍት ነበር። ሰብለ ጣቃዎቹ ላይ ጎንበስ ብላ የጨርቁን ጫፍ ምላሷ ላይ አድርጋለች።

ቀና ስትል አመድ መስላለች። «ነይማ፣ ቅመሺልኝ። የኔ ምላስ ይሆናል የተበላሸው።»

ቀመስኩ። ጨርቅ ጨርቅ ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

«ጨው የለውም» አልኩ።

«ሁሉም እንዲህ ነው። አሥራ ሁለቱንም አዳረስኩት።» ጭንቅላቷን ያዘች። «መጠኑን ስቼ ነው። ውሃው በዝቶብኝ ይሆናል፤ ሙቀቱን ሳላይ ቀርቼ ይሆናል። እልፌ፣ ምን አጥፍቼ ይመስልሻል?»

ዝም ብል ይበቃ ነበር። ራሷን ወንጅላ ጨርሳለች። ያን ጊዜ ግን ደብተሯን ከፍታ ልክ የነበረውን መጠን በእስክሪብቶ ልትሰርዘው ስትል እጇን አየሁት፤ ያ ልክነቱ የሚያንገበግበኝ እጅ።

«ምንም አላጠፋሽም» አልኩ። «ዘንቦበታል።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ እናንተ እንደሄዳችሁ።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚህ በር ላይ።»

«ስጠይቅሽ ደመናውን አይተሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ» አለች። አልጮኸችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ነኝ ወደ ዱቄቱ የሮጥኩት። ከረጢቱ ስር የቀረው ለአንድ ጣቃ ቢበቃ ነው። ሐሳብ መጣልኝ። «አንዱን ነክረን በካውያ እናድርቀው። ከላይ እናስቀምጠዋለን። እነሱ ከላይ ያለውን ነው የሚቆርጡት፤ ማን ከስር ይጎትታል? ኮሚቴው ይሂድ እንጂ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

«ዛሬ ካለፈ ጨርቁን ዛሬውኑ ጭነውት ነው የሚሄዱት። መኪናው አብሯቸው ነው የሚመጣው።»

«ይሂድ! አንቺ ትተርፊያለሽ።»

«አሥራ አንዱ ጣቃ ውስጥ ሰው ይተኛል፣ እልፌ» አለች፣ ደብተሯን ዘግታ። «ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ።»

አያችሁ? እዚያችም ላይ ቀናሁባት። ሕይወቷ አደጋ ላይ ሆኖ እንኳ ከኔ በላይ ናት አልኩ።

አራት ሰዓት ሆነ። ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ከወደብ የመጡት መርማሪ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ግራ እጃቸው የቃጠሎ ጠባሳ አለው። የፓርቲው ሰው ጎልማሳ ነው፤ ወንበር ቢቀርብለትም አልተቀመጠም። ጣቃው ጠረጴዛ ላይ ሆነ፣ ሻማውም ቀረበ። ያን ጊዜ ሰብለ እጇን አወጣች።

«ጓዶች፣ ሻማውን ከመለኮሳችሁ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህ ጨርቅ እሳት አይችልም። ሥራው ልክ ነበር፤ ሲደርቅ ዝናብ መታውና መድኃኒቱ ታጠበ። ዱቄት ይሰጠንና እንደገና እንነክረዋለን። እንዲህ እንዳለ ግን መርከብ ላይ አይውጣ።»

የፓርቲው ሰው ቀስ ብሎ «ሲዘንብ ማን ነበር ጥበቃ ላይ?» አለ።

«የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ» አለች ሰብለ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም፣ ጓዲት። ጥበቃ ላይ ማን ነበር?»

አቶ ታደሰ መሬት መሬት አዩ። እኔ ብድግ አልኩ። እዚህ ላይ ጎበዝ እንዳትሉኝ። ጠዋት ፊትሽን ታጠቢ ስትለኝ ሄጄ የታጠብኩት ፊቴን ብቻ አልነበረም፤ መሳቢያዬን ከፍቼ እጄ የገባውን ጨርቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠምጥሜ ነበር። ፈርቼ ነበር። ከጠየቁኝ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አልኩ። «እግሬን ወለም ብሎኝ ነው። እየተጎተትኩ ገመዱ ጋ ሳልደርስ ወረደ። ፈርቼም ትናንት ሳልናገር ቀረሁ።» የቀሚሴን ጫፍ ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

ሰብለ አየች። እኔም ያን ጊዜ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ አበባ። ያመጣችልኝ ሻርፕ ነው። አንድም ቀን ራሴ ላይ ሳላስረው ለውሸቴ አሰርኩት።

የፓርቲው ሰው ወደ እሷ ዞረ። «መራመድ የማትችል ሴት ጠባቂ አድርገሽ ነው የአገር ንብረት ጥለሽ የሄድሽው?»

አንድ ቃል ብትናገር እኔ አልቄ ነበር። «አይታ ዋሸችኝ» ብትል፣ አሻጥር የሚለው ቃል የኔ ስም ይሆን ነበር። ከሻርፑ ላይ ዓይኗን አንስታ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች።

«አዎ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌው መርማሪ ከጨርቁ ቁራጭ ቆርጠው ሻማው ላይ ያዙት። ፍም አልሆነም፣ አልጠቆረም፤ ቦግ ብሎ ነደደ። መሬት ጥለው ረገጡትና ለፓርቲው ሰው «ያለፈውን መጋረጃ የሠሩት ሰዎች ይህን አልነገሩንም» አሉት። «ይህችን ልጅ ስትወስድ ይህን መዝግብ።»

ወሰዳት። አሥራ አንድ ቀን ታስራ ቆየች። ነፍሷን ያተረፈው የእኚያ ሽማግሌ ቃል ነው ይባላል። ስትለቀቅ ወደ እኛ አልተመለሰችም፤ ከኃላፊነት ወርዳ አሰብ ወደብ፣ ዕቃ መጋዘን ተመደበች። ልሰናበታት እንኳ አልደፈርኩም። ጋዋኗ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በወሩ አቶ ታደሰ ጠሩኝና «እልፌ፣ ክፍሉን ያዢ» አሉኝ። ጋዋኑን ሰጡኝ። ያ በህልሜ ስቆልፈው የነበረ ጋዋን ትከሻው ሰፋኝ፤ እጅጌውን ሁለቴ አጠፍኩት። ዱቄቱ ሲመጣ ደብተሯ ላይ በጻፈችው መጠን አሥራ ሁለቱንም ጣቃ እንደገና ነከርኩ። እየደረቀ ሳለ ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ አደርኩ፤ ዓይኔን ከራጉኤል ላይ አላነሳሁም። ደርቆ ሲያልቅ እያንዳንዱን ጣቃ ቀመስኩ፤ መሃሉንም ጫፉንም። ምላሴ ለሁለት ቀን ደንዝዞ ነበር። ከዚያ ወደ አሰብ ተጫነ።

ከሦስት ወር በኋላ በሾፌር እጅ አንድ ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ ከዚያው መጋረጃ የተቆረጠች፣ ጫፏ በእሳት የጠቆረች ጣት የምታህል ጨርቅ ነበረች፤ አንድ ወረቀትም አለ። መጋዘን ሲገባ የተረከበችው እሷ ኖራለች።

«እልፌ፣ አሥራ ሁለቱንም ቀምሻለሁ። ጨው አለው። ሰብለ።»

ይኸው ነው። ስድብ የለ፣ ይቅርታ የለ። ወረቀቱን ይዤ የቀለሙ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናንተ ቅናቷ በዚያው ወጣላት ትሉ ይሆናል። አልወጣልኝም። እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት የቀናሁት በጋዋኗ፣ በእስክሪብቶዋ፣ በጀርመኗ ነበር፤ እነዚህን ሁሉ አገኘሁ ወይም ቢቀሩም ኖርኩ። ያን ቀን የቀናሁት እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ በመቻሏ ነው። ይህ በጥቆማም በዝውውርም የሚገኝ አይደለም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አልደረስኩባትም።

መልስ ጽፌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ቀደድኩ። ከዚያ አገር ተለዋወጠ፣ የአሰብ ሰው ተበታተነ፤ የት እንዳለች የሚነግረኝ አጣሁ። በሕይወት ካለሽ፣ ሰብለ፣ ያን ቀን ለምን ብለሽ የጠየቅሽኝን አውቀው ነበር። ቀንቼብሽ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ ደግሞ ምክር አትጠብቁ፤ መካሪ የምሆን ሰው አይደለሁም። ሰው በቅናት የሚያጠፋው በጩቤ ብቻ እንዳይመስላችሁ ግን እላለሁ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦም ይቻላል። ዛሬም እዚያው የካ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ «እማማ እልፌ፣ ይዘንባል እንዴ?» ስትለኝ እንደ ቀልድ ነው የምትጠይቀው። እኔ ግን ምርኩዜን ይዤ በር ድረስ እወጣለሁ፤ ራጉኤልን አይቼ እመልስላታለሁ።